ደም ከመስጠትዎ በፊት የጾሙን አቆጣጠር ይመልከቱ፦ ከ40 በኋላ የምርመራ ውጤትን በ12 ሳምንት የማሻሻያ መመሪያ

ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው ፋሲካ መቼ እንደዋለ ለማወቅ የቀን መቁጠሪያ አያስፈልገውም። ቱቦዎቹ ይነግሩታል። የተቀዳ ደም በሴንትሪፊዩጅ ሲሽከረከር ቀዩ ወደ ታች ይወርድና ከላይ ሴረሙ ይቀራል። የደህና ሰው ሴረም የጠራ ጠጅ ይመስላል፤ ከጀርባው ጽሑፍ ቢያስቀምጡ ይነበባል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ግን መደርደሪያው ላይ አጓት የመሰለ ሴረም ይበዛል፤ አልፎ አልፎም ወተት የመሰለ ይመጣል። የሚያደፈርሰው ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት ነው።

46 ዓመት የሞላኝ ጊዜ አጓት ከመሰሉት ቱቦዎች በአንዱ ላይ የተለጠፈው ስም የእኔ ነበር። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 258፣ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል ኤችዲኤል 36፣ ትራይግሊሰራይድ 320፣ መጥፎ የሚባለው ኤልዲኤል 158፣ የባዶ ሆድ ስኳር 112፣ የሦስት ወር ስኳር 6.1፣ የጉበቱ ኤስጂፒቲ 61። ክብደቴ 84 ኪሎ፣ ወገቤ 103 ሳንቲ ሜትር። የሚያመኝ ነገር አልነበረም። በየቀኑ አትሜ ለሌላ ሰው የምሰጠው ወረቀት ለራሴ ሲሆን እጄ ላይ ከበደኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን፣ ለሚጠይቁኝም የምነግረውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። መነሻዬ አንድ ነው፦ የብዙዎቻችን ደም ሁለት ወቅት አለው፣ ጾምና ፍስክ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ለሚበላ ሰው የተጻፈ ምክር እኛ ቤት ሲገባ የሚያነክሰው ለዚህ ነው። የእኛ ሥራ የፍስኩን ወራት ወደ ጾሙ ማስጠጋት፣ ከጾሙ ላይ ደግሞ ዳቦውን፣ ስኳሩንና ዘይቱን መቀነስ ነው። ረመዳንን ለሚጾሙም ነገሩ ያው ነው፤ ቀኑን ባዶ የዋለ ሆድ ማታ በሳምቡሳና በጣፋጭ ጭማቂ ሲከፈት ደም ላይ ይታያል።

1. ደሙን ለማወዳደር በሚያመች መንገድ ይስጡ

ከሁሉ በፊት ቀኑን ይምረጡ። በሁዳዴ ማብቂያ የተሰጠ ደምና ዶሮ ወጥ በተበላ በሳምንቱ የተሰጠ ደም የአንድ ሰው ሆነው ሳለ የሁለት ሰው ይመስላሉ። ትራይግሊሰራይድ በቀናት ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ ምርመራውን ከትልቅ በዓልም ከረጅም ጾምም ሦስት ሳምንት ያህል ያርቁት። የእኔ የመጀመሪያ ምርመራ ራሱ በዚህ መለኪያ ይወድቃል። የሥራ ባልደረባዬ «ይህ የአንተ ሳይሆን የበጉ ውጤት ነው» ብሎ ስለሳቀብኝ ከወር በኋላ ደገምኩት። ትራይግሊሰራይዱ ወደ 260 ወረደ፤ ሌላው ብዙም አልተንቀሳቀሰም። 60ው የበዓሉ ነበር፣ የቀረው የእኔ።

ማታ 2 ሰዓት ላይ እራትዎን ከጨረሱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደም ይስጡ፤ 12 ሰዓት ሞላ ማለት ነው። ከ9 እስከ 12 ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መራብ ውጤቱን አያሳምረውም። ውኃ ግን ይጠጡ። ውኃ ሳይጠጣ የመጣን ሰው ደም ሥር ፍለጋ ክንዱን ስንደበድብ የምንውለው እኛ ነን። ቡናው፣ ያለ ስኳርም ቢሆን፣ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ይደርሳል።

ሌሎች የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። አልኮል ትራይግሊሰራይድን ስለሚያንር ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ይተዉት። ከባድ ስፖርት በዋዜማው ከሠሩ ከጡንቻ የሚወጣው ኤስጂኦቲ ጉበት የታመመ ያስመስላል። በዋዜማው ብዙ የበሰለ ሥጋ ከበሉ የኩላሊት መለኪያው ክሬቲኒን ከፍ ሊል ይችላል፤ አንድ ደንበኛችን በዚህ ምክንያት ብቻ ኩላሊቴ አለቀ ብሎ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቷል። ትኩሳት ያለበት ሰው ኤልዲኤሉ ከወትሮው ዝቅ ሊል ስለሚችል በሕመም ሰሞን በተገኘ ውጤት አይደሰቱ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ደግሞ የታይሮይድ ምርመራን ያዛባል፤ የሚወስዱ ከሆነ ለላቦራቶሪው ይንገሩ።

ማሠራት ያለብዎት አጭር ነው፦ አራቱ የደም ቅባቶች፣ የባዶ ሆድ ስኳር፣ የሦስት ወር ስኳር፣ ኤስጂፒቲ፣ ክሬቲኒን፣ ዩሪክ አሲድ እና ሙሉ የደም ቆጠራ። ኤልዲኤልዎ ያለ ምክንያት ከፍ ካለ የታይሮይድ ምርመራውን ቲኤስኤች ያክሉበት፤ የታይሮይድ መድከም ኮሌስትሮልን ያወጣል። ብዙ ለሚጾሙና የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን ለሚወስዱ ቫይታሚን ቢ12 ማየት ተገቢ ነው። ሃምሳ ዓይነት ምርመራ የያዘውን «ጎልድ ፓኬጅ» ይለፉት፤ በበዛ ቁጥር አንዱ ያለ ጥፋቱ ከመስመር ይወጣና ለሌላ ምርመራ ይዳርግዎታል።

2. ወረቀቱን ያንብቡ

አገር ቤትና አሜሪካ ውጤቱ የሚጻፈው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች በሚሊሞል ይጻፋል። የስኳሩን ሚሊሞል በ18፣ የኮሌስትሮሉን በ38.7፣ የትራይግሊሰራይዱን በ88.6 ቢያባዙ የእኛን ቁጥር ያገኛሉ። ስዊድን ያለች እህት 6.2 ስኳር ብላ ስትደውል 112 ማለቷ ነው።

የባዶ ሆድ ስኳር ከ100 በታች ደህና ነው፤ ከ100 እስከ 125 የስኳር በሽታ ደጃፍ ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ በሁለት ምርመራ ከታየ ስኳር በሽታ ነው። የሦስት ወር ስኳር ከ5.7 በታች፣ ከ5.7 እስከ 6.4፣ ከ6.5 ጀምሮ በሚል በተመሳሳይ ሦስት ደረጃ ይከፈላል። ይህኛው የሦስት ወር የተባለው ቀይ የደም ሴል ወደ 120 ቀን ስለሚኖርና በዕድሜው ሁሉ የተጣበቀበትን ስኳር ይዞ ስለሚዞር ነው። የብረት እጥረት ያለበት ሰው ላይ ግን ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ በቅርቡ ብዙ ደም የፈሰሰው ወይም ደም የተለገሰው ሰው ላይ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል። የደም ቆጠራው አብሮ የሚሠራው አንድም ለዚህ ነው።

ትራይግሊሰራይድ ከ150 በታች ይሁን። ከ500 ካለፈ የጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽት ሊያቃጥል ስለሚችል ሐኪም ጋ ለመሄድ 12 ሳምንት አይጠብቁ። ኤችዲኤል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው። ኤልዲኤል ከ100 በታች ቢሆን ይመረጣል፤ 160 ከፍተኛ ነው፤ 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከዘር ይመጣልና ልጆችዎንም ወንድም እህቶችዎንም ያስመርምሩ።

አንድ የሙያ ምስጢር ልንገርዎ። ብዙ ቦታ ኤልዲኤል አይለካም፤ ይሰላል። ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤሉ ይቀነሳል፣ ከዚያ የትራይግሊሰራይዱ አንድ አምስተኛ ይቀነሳል። የእኔ 258 ሲቀነስ 36፣ ሲቀነስ 64፣ እነሆ 158። ትራይግሊሰራይዱ ከ400 ካለፈ ይህ ስሌት አይሠራም። እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ የሠፈረ ኤልዲኤል ካዩ በቀጥታ የተለካ መሆኑን ይጠይቁ።

በደም ቆጠራው ላይ ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያንን፣ በተለይ እስራኤልና አሜሪካ ያሉትን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ነጭ የደም ሴላቸው፣ ከእሱም ኒውትሮፊል የሚባለው፣ ከ1,500 በታች ይወጣል። ሐኪሙ ይደነግጣል፣ ምርመራው ይከተላል፣ መቅኔ እስከ መውሰድ የተደረሰበትም አለ። ዳፊ የሚባለው ምልክት በቀይ የደም ሴላቸው ላይ የሌለ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ የኒውትሮፊል ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ነው፣ በሽታን የመከላከል አቅማቸው ግን ደህና ነው። በኢትዮጵያውያን ዘንድ የተለመደ ነው። ኢንፌክሽን የማይደጋግምዎ ከሆነ፣ የድሮ ውጤቶችዎም እንዲሁ ከነበሩ ይህን ለሐኪምዎ ያንሱ፤ የዳፊ ምርመራ ይጠይቁ። ይህን ቁጥር በምግብም በቫይታሚንም ለማሳደግ አይድከሙ።

3. ሜትርና የግፊት መለኪያ ቤት ያስገቡ

ሚዛን ባይኖርዎ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። በእምብርት ትይዩ፣ ትንፋሽ አውጥተው፣ ሆድ ሳይስቡ ይለኩ። ወገብ ከቁመት ግማሽ ማለፍ የለበትም። 1 ሜትር ከ72 ነኝና ልኬ 86 ነበር፤ 103 ላይ ቆሜ «ቦርጭ የደህንነት ምልክት ነው» የሚሉኝን ዘመዶቼን እሰማ ነበር።

ግፊት ሲለኩ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ጀርባዎን ያስደግፉ፣ ክንድዎ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቡና የለም፣ ሽንትም መያዝ የለም። ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን ለክተው አማካዩን ይያዙ። ቤት ውስጥ አማካዩ ከ135 በ85 ካለፈ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ስንት ልቀንስ ለሚለው የምመልሰው ከክብደትዎ 7 በመቶ ነው። ቁጥሩ ከአሜሪካ የመጣ ነው። እዚያ በስኳር ደጃፍ ላይ የነበሩ 3,234 ሰዎች ተከፍለው የተጠኑበት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ፤ 7 በመቶ ክብደት እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ወደ ስኳር በሽታ የመሻገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የወሰዱት በ31 በመቶ። ቻይና ውስጥ ዳቺንግ በምትባል ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ 577 ሰዎች ተመዝግበው፣ ከእነሱ ውስጥ ለስድስት ዓመት አመጋገብና እንቅስቃሴ እንዲቀይሩ የተደረጉት ምን እንደሆኑ ከ30 ዓመት በኋላ ተቆጠረ። ስኳር በሽታው በአማካይ ወደ አራት ዓመት ዘግይቶባቸዋል፣ ዕድሜያቸውም ከሌሎቹ በ1.44 ዓመት ረዝሟል። 1.44 ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ስድስት ዓመት ብቻ ለሠሩት ሥራ የተከፈለ ነው።

ለእኔ 7 በመቶ 6 ኪሎ ነበር። በ12 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ግማሽ ኪሎ።

4. ማጀት

ከዘይት ልጀምር፤ ጾሙንም ፍስኩንም የሚያገናኘው እሱ ነው። ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን እርስዎ ቤት ስንት ቀን ይቆያል? እኛ ቤት፣ አራት ሆነን፣ ልክ አንድ ወር። ለአንድ ሰው በቀን 42 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ወደ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይደርሳል። ወደ 340 ካሎሪ ነው። ባለቤቴ «ምን ላድርግ፣ ወጥ ያለ ዘይት ወጥ ነው?» ብላኝ ነበር። ያገኘነው መላ የእናቶቻችን ነው፦ ሽንኩርቱን በደረቁ ማቁላላት፣ ሲይዝ ውኃ ጠብ እያደረጉ ማብሰል፣ ዘይቱን በርበሬው ከመግባቱ በፊት በማንኪያ ቆጥሮ ማስገባት። ጀሪካኑ አሁን ከሁለት ወር በላይ ይቆያል።

የዘይቱ ዓይነትም ለኤልዲኤል ይቆጠራል። ሲቀዘቅዝ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የጠገበ ቅባት ነው፤ ቅቤ ከግማሽ ያልፋል። የኑግ፣ የሱፍና የሰሊጥ ዘይት በቦታቸው ሲገቡ ኤልዲኤል ይወርዳል። ቅቤን ጨርሰው ይተዉ አልልም። እኔ የእሑድ አድርጌዋለሁ፤ በሳምንቱ ቀናት የምፈልገው መዓዛውን ስለሆነ ኮረሪማና ኮሰረት ወጡ ላይ ጣል ይደረግልኛል።

ቀጥሎ ስኳር። እሱም ቡና ላይ ነው ያለው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ ሦስት ሲኒ በሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር 24 ግራም ነው። ጠዋትም ከሰዓትም ከተፈላ 48 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ፣ ቢቻል 25 ላይ እንዲቆም ይመክራል። ሻዩንና ለስላሳውን ሳንቆጥር ቡናው ብቻ ጨርሶታል። በአንድ ጊዜ ማቆም ቡናውን ያስጠላል። በየሳምንቱ ሩብ ማንኪያ ይቀንሱ፤ በስምንተኛው ሳምንት ያለ ስኳር የሚጠጡት የቡናውን እውነተኛ ጣዕም ነው። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ፈልቶ በወረቀት ሳይጣራ የሚቀዳ ቡና ካፌስቶል የሚባል ኤልዲኤል የሚጨምር ቅባት አለው፤ ጀበናም ከዚሁ ወገን ነው። አተላው በደንብ ይዝቀጥ፤ ኤልዲኤልዎ አልወርድ ካለ ሥርዓቱን ለሳምንቱ መጨረሻ አድርገው በሥራ ቀን በወረቀት የተጣራ ይጠጡ።

እንጀራ። ጤፍ የተወደሰበትን ያህል ነጻ ፈቃድ አይደለም፤ ሩዝ የተቀላቀለበት ደግሞ ከናካቴው ይብሳል። የማደርገው ቀላል ነው፦ ትሪው ላይ አንድ ሙሉ እንጀራ ከማንጠፍ ግማሹን፣ ወጡን ደግሞ በእጥፍ። ምስሩ፣ ክኩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑና ፎሶሊያው ይብዛ። ጎመኑንና ምስሩን መጀመሪያ፣ እንጀራውን በኋላ መብላት ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ዝቅ ያደርገዋል። «ጎመን ያለ እንጀራ በምን ይነሳል?» በማንኪያ። አጎቴ ይህን ሲያይ ፈረንጅ ሆነ ብሎ ለሠፈሩ አውርቷል።

ገብስን ግን እንደ ውለታ እቆጥረዋለሁ። ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ አሰር አለው፤ በቀን 3 ግራም ያህል ሲገኝ ኤልዲኤልን በጥቂቱ፣ 5 በመቶ ገደማ ያወርዳል። አጃም ያው ነው። ቁርስ ላይ የገብስ ቅንጬ ወይም ገንፎ፣ መሃሉ ላይ የቅቤ ሐይቅ ካልተቆፈረበት፤ መክሰስ ላይ ከብስኩት ይልቅ አንድ እፍኝ ቆሎ፤ መንገድ ላይ ያለ ስኳር የተበጠበጠ በሶ። ተልባም ተቆልቶ ተወቅጦ ይጠቅማል፤ ሳይወቀጥ የተዋጠ ተልባ እንደገባ ይወጣል።

የጾም ወራት ወጥመድ ስሙ ላይ ነው። ጾም ስለሆነ ጤናማ ይመስላል፤ ሳህኑ ላይ ያለው ግን ፓስታ በዘይት፣ ዳቦ በማርማላታ፣ ሳምቡሳና ለስላሳ ሊሆን ይችላል። በሁዳዴ ኤልዲኤሉ ወርዶ ትራይግሊሰራይዱ የወጣ ሰው አይቻለሁ፤ ሥጋውን ትቶ በዳቦ ተክቶታል። ሽሮና ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት፣ የበሰለ ድንች በልክ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ደግሞ የመጀመሪያው ጉርሻ አሰር ያለው ይሁን። የስኳር መድኃኒት፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ሰዎች ሰዓት አርዝመው ከመጾማቸው በፊት ከሐኪም ጋር መጠኑን መነጋገር ግድ ነው፤ ስኳር ወርዶ የሚወድቁት በዚህ ነው።

ሥጋ ቤት ስለመሄድ ሁለት ቃል። ጥሬ ሥጋ በቢራ የዩሪክ አሲድ መዝገብ የሚከፍት ጥምረት ነው፤ ለስላሳም ይጨምርበታል። ዩሪክ አሲዱ ከ7 በላይ የሆነ ወንድ አውራ ጣቱ ሌሊት አብጦ በሪህ ሲጮህ ከመምጣቱ በፊት ቢራውን ቢተው ይሻለዋል። ጨው በቀን 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ አዋዜና ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ይቆጠራል።

5. ከእራት በኋላ ይነሱ

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያሠራ ነገር። ፈጠን ያለ ማለት ማውራት የሚችሉበት፣ መዝፈን የማይችሉበት ነው። ከዚህ ውስጥ ለውጤት ወረቀት የሚጠቅመውን አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ከእራት በኋላ ያለውን 15 ደቂቃ እመርጣለሁ፤ የሚሠራ ጡንቻ ስኳሩን ከደም ላይ እየወሰደ ነው። የእኛ ሠፈር ማታ መብራትም የለውም፣ ውሻም አይጠፋውም፤ የኮንዶሚኒየሙን አራት ፎቅ ደረጃ ነው የምወጣው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለተኛው ፎቅ ላይ የጎረቤት በር ተደግፌ አረፍኩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ከውጭ መጥተው የሚጀምሩ ሰዎች ቀስ ይበሉ። ደረት የሚጨንቅ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ ያቁሙና ይታዩ።

ለጡንቻው ጂም አያስፈልግም። ከወንበር እጅ ሳይጠቀሙ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ፣ ሁለት ባለ 5 ሊትር ውኃ በሁለት እጅ ይዞ መሄድ። ከ40 በኋላ ጡንቻ በራሱ ይቀንሳል፤ የስኳር ማጠራቀሚያው እሱ ነውና ሲያንስ ስኳሩ ደም ላይ ይቆያል።

እራትን ወደ ማታ 1 ሰዓት መሳብ ከዚህ ጋር አብሮ ይሄዳል። አሜሪካ ሌሊት ታክሲ ለሚነዱ ወንድሞቼ ይህ የማይሆን ነው፤ እነሱ ዋናውን ምግብ ከሥራ በፊት በልተው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ቀለል ያለ ቢይዙ ይሻላቸዋል።

6. ሌሎቹ

ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ከላይ ያለውን ሁሉ ትተው ከዚህ ይጀምሩ። ከእንግሊዝ ሐኪሞች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ለ50 ዓመት የተደረገው ክትትል እንዳሳየው በ40 ዓመቱ ያቆመ ሰው 9 ዓመት፣ በ50 ያቆመ 6፣ በ60 ያቆመ እንኳ 3 ዓመት ያህል ዕድሜ ያተርፋል። ሌላ ምንም ነገር በዚህ ዋጋ አይገኝም።

ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ያወጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ከእሱ ጋር የሚጠጣው ለስላሳም ስኳር ነው። ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራ፣ አረቄ ሁሉም በጉበትና በትራይግሊሰራይድ በኩል ይቆጥራሉ። ትራይግሊሰራይዳቸው ከ500 ያለፈ ሰዎች ለ12ቱ ሳምንት ፈጽሞ ቢተዉት ውጤቱን ከሁሉ ቀድሞ ያዩታል። እንቅልፍ 7 ሰዓት። ጮክ ብለው የሚያንኮራፉና ቀን የሚያንቀላፉ ከሆነ ትንፋሽ መቆራረጡ ግፊትዎን እያወጣው ሊሆን ይችላል፤ ይመርመሩ።

አብሽ ስኳርን በጥቂቱ ያወርዳል፤ መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር ሲደመር ከሚገባው በላይ ሊያወርደው ስለሚችል ሐኪምዎ ይወቀው። በጠርሙስ ስም ሳይኖረው የሚሸጥ «የስኳር መድኃኒት» ግን አይቅመሱ። ከጥቂት ወራት በኋላ ክሬቲኒናቸው ወጥቶ የመጡ ሰዎችን ደም የቀዳሁት እኔ ነኝ።

7. በ12ኛው ሳምንት ይድገሙ

ከዚያ በፊት በየሁለት ሳምንቱ አይመላለሱ። ትራይግሊሰራይድ በሳምንታት ይወርዳል፤ ኤልዲኤል ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ይፈልጋል፤ የሦስት ወር ስኳር ስሙ እንደሚለው ነው፤ ኤችዲኤል ዳተኛ ነው። ኤስጂፒቲ ከክብደት ጋር ይወርዳል፤ የጉበት ስብ ክብደት 5 በመቶ ሲቀንስ ጀምሮ ይቀልጣል።

በተመሳሳይ ላቦራቶሪ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከተመሳሳይ ዓይነት ሳምንት በኋላ። የአንድ ሰው ትራይግሊሰራይድ ምንም ሳይቀየር በ20 በመቶ ሊዋዥቅ ይችላል፤ ኤልዲኤልም በ7 ወይም 8 በመቶ። ስለዚህ 158 ወደ 150 ቢወርድ ገና አይጨፍሩ፣ ወደ 165 ቢወጣም አያልቅሱ።

እኔ የደገምኩት በሐምሌ መጨረሻ፣ የሰኔ ጾም ከተፈታ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ነው። ክብደት 78፣ ወገብ 95፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 200፣ ኤችዲኤል 39፣ ትራይግሊሰራይድ 150፣ የባዶ ሆድ ስኳር 98፣ የሦስት ወር ስኳር 5.7፣ ኤስጂፒቲ 34። ሴረሙ የጠራ ጠጅ።

8. ያልወረደው

ኤልዲኤሉ ግን 131 ላይ ቆመ። ቦርጭ፣ ስኳርና አልኮል ትራይግሊሰራይድን እንደሚያወጡት ሁሉ ሲቀነሱ በፍጥነት ያወርዱታል፤ ኤልዲኤል ላይ ግን ዘር ትልቅ ድርሻ አለው፤ ሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ሲቋረጥ በራሱ ከፍ ይላል። ምግብ የሚያወርደው የተወሰነ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ስሕተት ይሠራል፦ አንዱ «ለፋሁ፣ አልሆነም» ብሎ ሁሉንም ይተዋል፣ ሌላው ክኒን መውሰድን እንደ ሽንፈት ቆጥሮ ዓመታት ያሳልፋል። ኤልዲኤል በ39 ያህል ሲወርድ የድንገተኛ የልብ ሕመምና የስትሮክ አደጋ በአምስት አንድ እጅ ያህል እንደሚቀንስ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ታይቷል።

አባቴ በ61 ዓመቱ በስትሮክ አረፈ። ይህንን ከውጤቶቹ ጋር ለሐኪሜ ነገርኩት፤ ግፊቴን፣ ዕድሜዬንና የዘር ታሪኬን ደምሮ ኤልዲኤል የሚያወርደውን ክኒን አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም አዘዘልኝ። ጡንቻ ላይ የተለየ ሕመም ከመጣ እንድነግረው፣ በራሴ ግን እንዳላቆም አስጠነቀቀኝ። በስድስተኛው ሳምንት ኤልዲኤሉ 82 ሆነ። ደረጃውን አሁንም እወጣለሁ፤ ክኒኑ ከጥርስ ብሩሹ አጠገብ ይቀመጣል። ቀጣዩ ምርመራዬ በኅዳር መጀመሪያ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ ነው።